የዶክትሬት ጽሑፌን ሰው የሚያነበው መጽሐፍ ማድረግ እፈልጋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተማችሁ ምከሩኝ

የባቲ መንገደኛ · እሑድ፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ነው ያለሁት፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ዶክትሬቴን የጨረስኩት አምና ነው። የሠራሁት በባቲ የሰኞ ገበያ ላይ ነው፤ ከደጋ የሚወርደው እህል ከቆላ ከሚወጣው ከብትና ግመል ጋር እዚያ እንዴት እንደሚገናኝ፣ ዋጋ ማን እንደሚቆርጥ፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገር ደላላ እንዴት እንደሚወጣ። በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ 412 ገጽ ሆነ፣ ተፈተንኩበት፣ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ወጣ። ከአማካሪዬና ከፈታኞቼ ሌላ ያነበበው ሰው አላውቅም።

ጥር ላይ ባቲ ወርጄ ነበር። አንዲት ማሽላ የሚሸጡ እናት አሉ፤ አራት ዓመት ሙሉ ሥራቸውን እያቋረጡ ጥያቄዬን ሲመልሱልኝ የኖሩ ናቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ፣ «ያ የጻፍሽው የታለ? አመጣሽልኝ?» አሉኝ። «በእንግሊዝኛ ነው እማማ» አልኳቸው። «ታዲያ ለማን ጻፍሽው?» አሉና ቁናቸውን አንስተው ወደ ገዢያቸው ዞሩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የምር ማወቅ ፈልገው ነው። መልስ አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ይሄ ነገር ከውስጤ አልወጣም። ለአንድ የውጭ የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አርታኢ አጭር ኢሜይል ጻፍኩ፤ በዘጠነኛው ቀን መለሰችልኝ። ሐሳቡን ወዳዋለች፣ ፕሮፖዛል ላኪ ብላኛለች። ከላከችልኝ ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የእማማ ጥያቄ ራሱ ነው፤ የመጽሐፉ አንባቢ ማን ነው ይላል።

የምፈልገው ምሁራን የሚጠቅሱት፣ የደሴ የሁለተኛ ዓመት ተማሪም እስከ መጨረሻው የሚያነበው መጽሐፍ ነው። ዋጋው ግን ያስፈራኛል። የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ ስለነበረው እስልምና የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ሆላንድ፣ ላይደን ታተመ። ስለ እኛው አያቶች ነው የሚያወራው፤ ደሴ ፒያሳ ብትዞሩ ግን አታገኙትም፣ ብታገኙትም የወር ደመወዝ አይገዛውም። የእኔም እንዲህ እንዲሆን አልፈልግም። እባካችሁ ያለፋችሁበት ንገሩኝ።

ጦሳ ሥር · እሑድ፣ ምሽት 3፡05

ማሻአላህ እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። አብሽሪ፣ ይሄ መጽሐፍ መውጣት አለበት። አባቴ በቅሎ እየነዳ ባቲ ይወርድ ነበር፤ ልጆቹ ግን ስለዚያ መንገድ የተጻፈ አንድ ገጽ አንብበን አናውቅም። ምክር የለኝም፣ ገዢ ግን አለሽ።

አሮጌ አርታኢ · እሑድ፣ ምሽት 4፡20

ልጄ፣ ብዙ ዓመት የሰው ረቂቅ ሳርም ኖሬአለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይግባሽ። መመረቂያ ጽሑፍ አንቺ ማወቅሽን ለአምስት ሰው የምታስመሰክሪበት ነው። መጽሐፍ ደግሞ ያንኑ ነገር ለማያውቅ ሰው የምታሳውቂበት ነው። ስለዚህ ጽሑፉን «ማቅለል» የሚባለውን ቃል እርሺው። ሌላ ሥራ ነው የምትሠሪው።

የቀደሙ ጥናቶችን የቃኘሽበት ምዕራፍ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የሚያስፈልገው ወደ ማስታወሻ ይግባ፣ ማስታወሻውም ከገጹ ግርጌ ተነሥቶ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ይሂድ። ስለ ጥናት ስልት የጻፍሽው ምዕራፍ አራት አምስት ገጽ መቅድም ይሁን፤ እዚያ ውስጥ እማማን አስገቢያቸው። «ይህ ምዕራፍ ይህንን ይመረምራል፣ ቀጣዩ ያንን ይዳስሳል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁሉ ይሰረዝ። በመንገዱ ላይ ያለ ሰው የመንገዱ ካርታ በየአሥር እርምጃው አይሰጠውም። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ፕሬሶች የሚመቻቸው ማስታወሻውን ጨምሮ ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቃል ነው፤ ያንቺ 412 ገጽ ከዚያ እንደሚያልፍ አልጠራጠርም።

አሁን የመጀመሪያውን ምዕራፍ መክፈቻ ወደ አማርኛ መልሰሽ እዚህ ለጥፊልኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኛል።

የባቲ መንገደኛ · ሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

አባባ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መክፈቻው እንዲህ ነው፦

«በባቲ ገበያ ያለው የግብይት ሥርዓት በተዋንያኑ መካከል በሚገኝ ኢመደበኛ የመተማመን ማዕቀፍ ላይ የተመሠረተ መሆኑን የመስክ መረጃው ያመለክታል።»

አሮጌ አርታኢ · ሰኞ፣ ጠዋት 3፡00

ምን አይተሽ ነው ይህን የጻፍሽው? ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።

የባቲ መንገደኛ · ሰኞ፣ ቀትር 7፡15

ያየሁት እንዲህ ነው። አንድ ከቆላ የመጣ ሰው ግመል ይዞ ቆሟል። ገዢው ግማሹን ገንዘብ ብቻ ነው የያዘው። ሻጩ ገዢውን ዞር ብሎም አላየውም፣ ያየው ደላላውን ነው። ደላላው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ግመሉ ተሸጠ። በሚቀጥለው ሰኞ ቀሪው ገንዘብ ባይመጣ የሚያዘው ደላላው ነው፤ ያንን ሦስቱም ያውቃሉ፣ የተጻፈ ነገር ግን የለም።

አሮጌ አርታኢ · ሰኞ፣ ምሽት 1፡30

መጽሐፍሽ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንዲት ቃል አትጨምሪበት።

ከቦርከና ማዶ · ሰኞ፣ ምሽት 2፡50

ከኮምቦልቻ ነኝ፣ እኔም መምህር ነኝ። ለመቃወም ሳይሆን ለመጠንቀቅ ነው የምጽፈው። ታሪክ ነገራ ሲበዛ ክርክሩ ይጠፋል። የግመሉ ጉዳይ ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንድ ግመል ነው። መተማመን የባቲ ደንብ ነው ለማለት ስንት ሽያጭ አየሽ? በስንቱ ደላላው ተያዘ? በስንቱ ካደ? መመረቂያ ጽሑፉ ይህን ሁሉ የሚይዘው በዚያ «ደረቅ» ቋንቋ ነው። ገምጋሚዎች ደግሞ የሚመጡት ከሙያው ነው፤ ንድፈ ሐሳቡን ካላገኙ ረቂቁ ሳይበስል መጣ ብለው ይመልሱታል። ለእድገት የሚቆጠርልሽም በምሁራን የተገመገመ ሥራ ነው። ለሕዝብ የሚሆነውን በጋዜጣ ጽፈሽ፣ ለሙያው የሚሆነውን በመጽሐፍ ብታደርጊው አይሻልም?

አሮጌ አርታኢ · ሰኞ፣ ምሽት 3፡35

መምህር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ይጥፋ አላልሁም። ግመሉ በመክፈቻው ይቁም፤ በሦስተኛው ገጽ «በእነዚህ ዓመታት ይህን ያህል ሽያጭ ተከታትያለሁ፣ በዚህ ያህሉ ዋሱ ተይዟል» ትበል። ንድፈ ሐሳቡም ሥራ የሚሠራበት ቦታ ላይ ይገኛል፤ ጥቅሱና ክርክሩ ከማስታወሻው ውስጥ ይገባል፣ ባለሙያው እዚያ ፈልጎ ያገኘዋል። እኔ የማውቃቸው ጥሩ ገምጋሚዎች ግልጽ ጽሑፍን ንቀው አልመለሱም። የሚመልሱት ግልጽ ሆኖ ባዶ የሆነውን ነው። ደግሞም ግልጽ ሲጻፍ ስሕተት መደበቂያ ያጣል፤ «ኢመደበኛ ማዕቀፍ» የሚል ቃል ግን ብዙ ያልታየ ነገር ይሸፍናል።

ለጋዜጣ ይሁን ያሉትን አልቀበልም። የእማማ ድርሻ ፍርፋሪው፣ የሙያው ድርሻ እንጀራው የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ከቦርከና ማዶ · ሰኞ፣ ምሽት 4፡00

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርዎን ተቀብያለሁ። ስለ ገምጋሚዎቹ ግን ጊዜ ያሳየን።

ባሕር ማዶ ያለ ወሎዬ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡45

እህቴ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህ መንገድ አልፌአለሁ፤ መጽሐፌ በአንድ የውጭ የዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጥቷል። ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ፣ እኔ ስጀምር የነገረኝ ሰው አልነበረምና።

ፕሮፖዛሉ ብዙ ጊዜ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ገጽ ይሆናል። መጽሐፉ ምን እንደሚል በሁለት ገጽ፣ የየምዕራፉ አጭር መግለጫ፣ አንድ ወይም ሁለት ናሙና ምዕራፍ፣ የቃል ብዛት፣ ስንት ሥዕልና ካርታ እንዳለው፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ በጉዳዩ ላይ የወጡ ሌሎች መጻሕፍትና ያንቺ ከእነሱ በምን እንደሚለይ። እዚያ ላይ ስለ ወሎ የተጻፈውን በደንብ አስገቢ። ጄምስ ማካን ስለ ሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ገጠር የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1987 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ወጥቷል፤ ደሳለኝ ራህመቶ በአምባሰል ሰው ረሃብን እንዴት እንደተቋቋመ ያጠኑት በ1991 ኡፕሳላ ታትሟል። ሁለቱም ስለ ገበሬው ናቸው። ገበያው ያንቺ ነው። ይህን ባንድ አንቀጽ ስትጽፊው አርታኢዋ ለአለቆቿ የምትናገረው ነገር ታገኛለች።

ፕሮፖዛሉን ለሁለት ሦስት ፕሬስ ባንድ ጊዜ መላክ ነውር አይደለም፤ ግን ለሁሉም በግልጽ ተናገሪ። ሙሉ ረቂቁ ወደ ግምገማ ሲገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንዱ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ገምጋሚ ያነበዋል፣ ወራት ይፈጃል። አስተያየታቸው ሲመጣ አንድ ቀን አሳድሪውና ከዚያ መልስ ጻፊ፤ የምትቀበይውን ምን እንደምታደርጊበት፣ የማትቀበይውን ለምን እንደሆነ። ያ ደብዳቤ ከረቂቁ ያላነሰ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ከግምገማው ጋር ተያይዞ የሚሄደው ወደ ፕሬሱ ቦርድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ፕሬስን ከሌላ አሳታሚ የሚለየው ይሄ ነው፤ ወሳኞቹ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ናቸው። ኬምብሪጅ የማተም ፈቃዱን ያገኘው በ1534 ከንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ነው፤ ዛሬም መጽሐፍ የሚጸድቀው በመምህራን ጉባኤ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው። ውሉ ሲመጣ ደስታዬ አላስነበበኝም። «በመላው ዓለም፣ በሁሉም ቋንቋ» የሚል መስመር ነበረበት፤ ፈረምኩ። መጽሐፉ ወጥቶ አንድ አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ በአማርኛ ላውጣው ሲለኝ መብቱ የእኔ አልነበረም። ደብዳቤ ስጻጻፍ ሁለት ዓመት አለፈ፤ አሳታሚውም ሐሳቡን ተወው። እናቴ መጽሐፌን ሳታነበው አረፈች። ይሄን ሁልጊዜ አስበዋለሁ።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ የትርጉም መብት ለደራሲዋ ይቅር በይ። ለምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ያለው ገቢ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎቹ ለመልቀቅ አይከብዳቸውም፤ ግን ካልጠየቅሽ አይሰጡሽም። ለኢትዮጵያ ለብቻው ርካሽ እትም እንዲወጣ ከአገር ውስጥ አሳታሚ ጋር ተባብረው ያትሙ እንደሆነ ጠይቂ። ይሄ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲወጣ ለንደን ያለው ጄምስ ከሪ፣ የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አንድ ላይ ነው ያወጡት። ያ መጽሐፍ የተማሪ እጅ የገባው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ደግሞ የስስ ልባሱ እትም መቼ ይወጣል የሚለው በውሉ ይጻፍ። ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ በወፍራም ልባስ ብቻ ከወጣ ዋጋው ከ100 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው፣ አንባቢው ያኔውኑ ተለየሽ።

ሥዕልና ፎቶ የማስፈቀዱ ሥራ ያንቺ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው፣ የትኛው ስምና ርእስ በየትኛው ገጽ እንዳለ የሚያሳየው መጠቁምም ወይ አንቺ ትሠሪዋለሽ ወይ ከፍለሽ ታሠሪዋለሽ። ለሁለቱም ከአሁኑ ጊዜ አስቀምጪ።

የባቲ መንገደኛ · ማክሰኞ፣ ቀትር 6፡30

ወንድሜ፣ ስለ እናትህ ነፍስ ይማር። ይህን ስላካፈልከኝ አመሰግናለሁ። በነፃ ኢንተርኔት ላይ ቢለቀቅስ? ተማሪዎቼ ስልክ አላቸው፣ መጽሐፍ መግዣ ግን የላቸውም።

ባሕር ማዶ ያለ ወሎዬ · ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡10

ይቻላል፤ ማን ይከፍላል የሚለው ነው ጉዳዩ። በትልልቆቹ ፕሬሶች ደራሲው ወይም ተቋሙ ክፍያውን ይሸፍን ከተባለ ብዙ ጊዜ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ከኪስሽ አታስቢው። ግን ሌላ መንገድ የከፈቱ አሉ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2015 ሉሚኖስ የሚባል የነፃ መጻሕፍት ክፍል ጀምሯል፤ ወጪውን ፕሬሱ፣ ቤተ መጻሕፍትና የደራሲው ተቋም ይጋሩታል፣ ለማይችልም የሚደጉሙበት አሠራር አላቸው። የኤምአይቲ ፕሬስ ከ2021 ጀምሮ ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ከፍለው መጻሕፍቱን ለሁሉም የሚከፍቱበትን ዘዴ ይዟል። ኬምብሪጅ ደግሞ የተወሰነ ገቢ ያገኙ መጻሕፍትን ወደ ነፃ የሚቀይርበት ፕሮግራም አለው። በፕሮፖዛልሽ ላይ «የጥናቱ ባለቤቶች የሚኖሩት መጽሐፉን ሊገዙ በማይችሉበት ቦታ ነው» ብለሽ ጻፊና ጠይቂ። ከላይ ያነሳሁትን የደሳለኝን የአምባሰል ጥናት ኡፕሳላ ያለው ተቋም በነፃ አስቀምጦታል፤ ዛሬውኑ ለተማሪዎችሽ ማውረድ ትችያለሽ።

በጆሮ አንባቢ · ማክሰኞ፣ ምሽት 3፡20

ዓይነ ስውር ነኝ፣ ሆጤ አካባቢ ነው የምኖረው፣ ሕግ ተምሬአለሁ። «ሁሉም የሚያነበው» ስትይ እኔንም አስቢኝ ለማለት ነው የገባሁት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ጓደኛዬ በየማታው እየመጣ ያነብልኝ ነበር፤ እሱ የታመመ ሳምንት እኔ ፈተና አለፈኝ። አሁን ኤንቪዲኤ የሚባለውን ነፃ የስክሪን ማንበቢያ እጠቀማለሁ፤ ጽሑፉን ወደ ድምፅ የሚቀይርለት ኢስፒክ አማርኛም ያነባል፣ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ይገባኛል። የሚያስቸግረኝ የመጽሐፉ አሠራር ነው። በስካነር ተነሥቶ ፒዲኤፍ የሆነ ነገር ለእኔ ባዶ ገጽ ነው። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ስለሆነ ማንበቢያው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ድምፅ ያወርድብኛል። የአማርኛውን እትም ስታዘጋጂ በዩኒኮድ ጻፊው፤ በእሱ ሲጻፍ ከሥሩም ያለው የአማርኛ ፊደሉ ራሱ ነው። ርእስና ንዑስ ርእስን በማድመቅ ብቻ ሳይሆን በርእስ ስታይል ምልክት አድርጊ፤ እኔ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ የምዘለው በዚያ ነው። ለየፎቶው ከሥሩ የሚነበብ መግለጫ ጻፊ።

ይህን ለውጭው ፕሬስ ብትነግሪያቸው እንግዳ አይሆንባቸውም። ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ የሚሸጥ ኢመጽሐፍ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች እንዲሆን ሕግ ስላስገደደ፣ የፎቶ መግለጫውን ከደራሲው የሚጠይቁ በዝተዋል። ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ ተስማሚ በሆነ ቅርጽ እንዲባዛ የሚፈቅደውን እ.ኤ.አ. የ2013ቱን የማራካሽ ስምምነት ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች።

የግመሉን ታሪክ ግን እዚሁ ሰማሁት። ደላላው እጁን ደረቱ ላይ ያደረገው ላይ ስደርስ አቁሜ ደገምኩት።

የባቲ መንገደኛ · ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡05

እንዲህ ያለ ነገር በአእምሮዬ አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። 31 ፎቶ አለኝ። ነገ የመጀመሪያዎቹን አምስት መግለጫ ጽፌ እልክልሃለሁ፤ የማይታይህን ንገረኝ።

በጆሮ አንባቢ · ማክሰኞ፣ ምሽት 4፡12

ላኪ። «የገበያ ፎቶ» ብለሽ እንዳትልኪልኝ ብቻ። ማን ቆሟል፣ ምን ይዟል፣ ወዴት ያያል።

መጽሐፍ አዟሪ · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡30

ደሴ ፒያሳ መጽሐፍ እሸጣለሁ፤ ቀድሞ በእጄ እያዞርኩ ነበር፣ አሁን ትንሽ ቤት አለችኝ። መምህርት፣ ሰው አያነብም የሚሉሽን አትስሚ። ስለ ወሎ የሚጠይቀኝ ሰው በየቀኑ ይመጣል። ስለ ንጉሥ ሚካኤል፣ ስለ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ ደሴ በኅዳር 1928 በጣሊያን አውሮፕላን ስለተደበደበችበት ቀን ይጠይቁኛል። የምሰጣቸው ሲጠፋ ያሳፍረኛል።

ከመደርደሪያ በኩል ያለውን ልንገርሽ። ወፍራም መጽሐፍ ሰው አንሥቶ ይመዝነዋል፣ ዋጋውን ሳይጠይቅ ይመልሰዋል። 250 ገጽ አካባቢ ሲሆን ይገልጠዋል። ሲገልጠው ካርታ ካየ ይቆማል፤ መንደሩን ይፈልጋል። ሐይቅን፣ ኩታበርን፣ ባቲን ካገኘ ይገዛል። ስለዚህ ካርታው ጥሩ ይሁን፣ ስሙም ሰው በሚጠራው ይጻፍ። ተማሪው ፎቶ ኮፒ አንሥቶ እንደሚያነብም እወቂ፤ የሚጠረዝበት ኅዳግ ሰፋ ቢል ደግ ነው።

አገር ውስጥ የምታሳትሚ ከሆነ የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን ከወመዘክር አውጪ፤ በ978-99944 የሚጀምረው የእኛ ነው። እሱ የሌለውን መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍት ለመግዛት ይቸገራሉ።

ስም ጠባቂ · ረቡዕ፣ ቀትር 5፡50

ሁለት ነገር ልጨምር። የውጭ እርማት ሠራተኞች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው በዋቢ ዝርዝሩ ላይ ይገለብጡታል። ረቂቁን ስትልኪ «የኢትዮጵያውያን ስም በራሳቸው ስም ቅደም ተከተል ይግባ» የሚል ገጽ አያይዢ። ዓመተ ምሕረቱንም እንዲሁ፤ የ7 እና የ8 ዓመቱን ልዩነት አንዴ መቅድሙ ላይ አስረጂና በእያንዳንዱ ቀን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ወስኚ። የእኔ መጣጥፍ ላይ አንድ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት አልቆ ወጥቷል።

ሌላው የቆየ ፎቶ ነው። ከሰው አልበም የወሰድሽው ካለ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዢ። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ ፕሬሱም ይጠይቅሻል። ገበያ ላይ ፊታቸው የሚታየውን ሰዎች ደግሞ ሕጉ ያስገድድሽም አያስገድድሽም ጠይቂያቸው።

ጦሳ ሥር · ረቡዕ፣ ምሽት 1፡00

እህቴ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ። ዶክትሬት እንደጨረሽ «ጽሑፍሽን በነፃ መጽሐፍ እናደርገዋለን» የሚል ኢሜይል ይመጣል። ለእህቴ መጥቶላት ሳትነግረን ፈረመች። ያለ ገምጋሚ፣ ያለ እርማት፣ የፊደል ስሕተቱ እንኳ ሳይነካ በውድ ዋጋ ኢንተርኔት ላይ ወጣ። በኋላ እውነተኛ ፕሬስ ስትጠይቅ «ታትሟል እኮ» ተባለች። ገምጋሚው ማን እንደሆነ፣ ቦርዱ የት እንዳለ ካልነገሩሽ ዝጊው።

የባቲ መንገደኛ · ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ምሽት 2፡15

ወዳጆቼ፣ ዘግይቼ ተመለስኩ። ፕሮፖዛሉ ትናንት ሄዷል። በአንባቢው ጥያቄ ሥር የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «የምሥራቅ አፍሪካ ታሪክና ምጣኔ ሀብት አጥኚዎች፤ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ በባቲ ገበያ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ልጆች።» አርታኢዋ ሦስተኛውን እንድሰርዝ ብትጠይቀኝ አልሰርዝም። የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ መብት፣ የአገር ውስጥ እትም፣ የስስ ልባስ ጊዜ፣ የፎቶ መግለጫ፣ ሁሉም በደብዳቤው ላይ ተጠይቀዋል። ምዕራፍ አንድ ከ61 ገጽ 34 ገጽ ሆኗል። አባባ፣ ደላላው መክፈቻው ላይ ቆሟል። የቦርከናው መምህር፣ የሽያጮቹ ቁጥር ሦስተኛ ገጽ ላይ አለ፤ ዋሱ የካደባቸውም አሉበት።

ሌላም ነገር ሆነ። ትናንት ሰኞ ስለነበር ምዕራፍ ሦስትን በአማርኛ አዘጋጅቼ ባቲ ወረድኩ። ይሄ ምዕራፍ ስለ ምርቃት ነው፤ ቁናው ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ሻጯ በእፍኟ ስለምትጨምረው። በመመረቂያ ጽሑፌ ምርቃትን ስጦታ ነው ብዬ 20 ገጽ ጽፌበታለሁ፣ ስለ ስጦታ የተጻፉትን ንድፈ ሐሳቦች ሁሉ ደርድሬበታለሁ። ሦስት ፈታኞች አመስግነውታል።

እማማ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ጆንያው ላይ ተቀምጠው አነበብኩላቸው። አጠገባቸው ያሉት ሴቶችም ተጠጉ። አልፎ አልፎ እየሳቁ፣ «እውነት ነው» እያሉ ሰሙኝ። ስጦታ የሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ስጦታ አይደለም» አሉኝ። ባዶውን ቁና ሳቡና ማሽላ ሞሉት። «ይኸው፣ ሳልነቀንቅ ሰፈርኩልሽ።» ከዚያ ቁናውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉት። ማሽላው ወደ ውስጥ ተቀመጠ፣ ከከንፈሩ በታች ወረደ። ጎደሎው ላይ እፍኛቸውን ጨመሩ፤ ልክ ሞላ። «ይቺ ናት ምርቃት። ገዢዬ ነቅንቂው ካለኝ ነቅንቄ እሞላለታለሁ፣ ምርቃት ግን የለውም። አትንኪው ካለኝ እመርቅለታለሁ። የራሱ ነው፣ እኔ ምን ሰጠሁት?»

አጠገባቸው የነበረችው ቅመም ሻጭ ደግሞ፣ «ለልጅና ለእንግዳ የምትጨምሪውስ?» አለቻቸው። «እሱ ሌላ ነው፣ እሱ ከቁናው ውጭ ነው» አሉ። ሁለቱ ተከራከሩ፤ እኔ እየሮጥኩ ጻፍኩ።

አራት ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ ቁናው ሲመታ አይቻለሁ። አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም የጻፍኩትን ስላልሰሙ ሊያርሙኝ አልቻሉም።

ምዕራፍ ሦስትን ከሥሩ ልጽፈው ነው። አርታኢዋ ናሙና ምዕራፍ ብላ የያዘችው እሱን ስለሆነ ዛሬ ጠዋት ኢሜይል ላክሁላት፣ የሦስት ሳምንት ጊዜ ጠየቅኋት። በሚቀጥለው ሰኞ ቅመም ሻጯ ጋ እቀመጣለሁ፤ ከቁናው ውጭ የሚጨመረውን ለብቻው እንድታሳየኝ ቀጠሮ ይዘናል።